የተዋስኩት ኮት

ወልደ ጊዮርጊስ በ1970 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ካኮ ገበያ መሃል «ቡትቷም» ብሎ ሰድቦኛል። ዛሬ የጂንካ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ልጄ ዘሪቱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮሌጅ ተመድባለች፤ ቀበሌው የደሃ ልጅ መሆኗን ከመሰከረላት የመጓጓዣና የኪስ ገንዘብ ታገኛለች። እኔ ግን ዳግም ቡትቷም እንዳልባል የጎረቤቴን ኮት ተውሼ ከእሷ ጋር ወደ ቀበሌው ሄድኩ።

«በዚህ ኮት ነው ድሃ ነኝ የምትለኝ?» ብሎ ማህተሙን ወደ መሳቢያው መለሰው።

ዘሪቱ ሳቋን አፍና፣ «የተዋሰው እኮ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር! እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል፣ ይዩት። አባቴ ኩሩ ነው እንጂ ሀብታም አይደለም» አለችው።

እየሳቀ ማህተሙን አውጥቶ ወረቀቷ ላይ መታላት። «በል ኮቱን ለባለቤቱ መልስ፣ አንተ ቡትቷም!»

የስንት ዓመት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። ልጄ ግን የማህተሙን ቀለም እፍ እያለች ታደርቃለች። እጇን ይዤ ወጣሁ።