የዘሃራ ስድስት ፊርማ

ካዛንቺስ ያደገ ሰው ጎረቤቱ ከዕድር ስብሰባ ከቀረ ዝም ብሎ አያስቀጣውም። አቴንዳንሱ ሲዞር ለራሱ ይፈርማል፤ ከዚያ እጁን ትንሽ አጣሞ ለቀረውም ይፈርማል። ጉርብትና ነዋ! ዘሃራም ጉርብትና መስሏት ነው ያን ጉድ የሠራችው።

ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ፣ የስምንተኛ ክፍል ወላጆች ለስብሰባ ተጠሩ። ልጆቹ በዓመቱ አጋማሽ በየአዲሱ ቤታቸው አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ይዛወሩ ወይስ ሚኒስትሪ እስኪፈተኑ እዚሁ ይቆዩ ነው ጉዳዩ። የዘሃራ ልጅ አፍራህ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ከለመደቻቸው አስተማሪዎች ተነጥላ ትፈተን ማለት ለእናቷ የማይታሰብ ነበር። ከስልሳ ወላጅ የመጣው ሃያ ስድስት ብቻ ነው። አቴንዳንሱ ሲደርሳት የአምስት የቀድሞ ጎረቤቶቿ ስም ፊት ለፊት ባዶ አየች። አንጀቷ አልቻለም፤ ፈረመችላቸው፣ በቃ።

ታዲያ ታክሲ ያማረራቸው ወላጆች እጃቸውን አወጡና፣ ልጆቹ ይዛወሩ የሚለው በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። በማግስቱ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሠላሳ አንድ ወላጆች ተገኝተው ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ» ይላል። ዘሃራ ሁለቴ አነበበችው። ከግማሽ በላይ እንዲሆን ያሟላችው እሷው ናት። ልጇን በገዛ እጇ ሸኘቻት።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ብትናገር ልትከሰስ ነው። በሦስተኛው ቀን ሻሿን አጥብቃ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደችና፣ ኃላፊው አቶ ደጋጋ ፊት ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ወይዘሮ ዘሃራ፣ ይህ እኮ ያስጠይቃል።»

«እኔን ይጠይቁኝ። ልጆቹን ግን በእኔ ጥፋት አይቅጧቸው።»

 ደጋጋ እሷን በቃል ገሥጸው ቃለ ጉባኤውን ሰረዙትና ለቅዳሜ ሌላ ስብሰባ ጠሩ። ያኔም ሠላሳ አንድ ሰው ካልሞላ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ልጆቹን ያዛውራል አሉ። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሰው የሆነ ሹምም አለ ለካ።

ዘሃራ አምስቱንም በስልክ ለመነቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት አራቱ ሦስት ሦስት ታክሲ ቀያይረው ደረሱ። ሠላሳ ሰው ሆነ። የቀረችው ጀማነሽ ናት፤ ሃያ ዓመት ከዘሃራ ጋር ግድግዳ የተጋራች፣ አሁን ከሁሉም ርቃ የምትኖር፣ ጉልበቷን የሚያማት ጀማነሽ። አቴንዳንሱ ዞሮ ዘሃራ ጋ ሲመጣ ለራሷ ፈረመች። አጠገቧ ያለችው ወላጅ በክርኗ ነካ አድርጋ ለጀማነሽም እንድትፈርምላት አንሾካሾከችላት። ዘሃራ እስክሪቢቶውን አስቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተቻቸው።

አቶ ደጋጋ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግመው አዩ። ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ በሩ ተከፈተ። ጀማነሽ በምርኩዝ እያነከሰች ገባች። ታክሲው ለገሃር ላይ ተበላሽቶባት፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ነው የወጣችው። ላቧን እየጠረገች ወደ ዘሃራ ዞረች።

«ፈርመሽልኛል አይደል?»

«አልፈረምኩልሽም። እየጠበቅኩሽ ነበር።»

«ደግ አደረግሽ» አለችና እስክሪቢቶውን አነሳች።

ልጆቹ እስኪፈተኑ እንዲቆዩ በሦስት ድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሰዉ ሲያጨበጭብ ዘሃራ አልሃምዱሊላህ አለች፤ ከዚያ ዕንባዋ እየወረደ ጎንበስ ብላ ያንን የሚያመውን ጉልበት ሳመችው።