የሩቅ መንገድ አቧራ

ሀቢሶ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት ያሳለፈው ጆሃንስበርግ ዳር ባለችው አይቮሪ ፓርክ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ስኳርና የሞባይል ካርድ ሲሸጥ ነበር። ሱቁን ለእህቱ ልጅ ለማናሴ ያስረከበ ዕለት ሚስቱ የዓለምወርቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ባሕር ማየት። ሆሳዕና ተወልዳ፣ ጆሃንስበርግ አርጅታ፣ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። እሱም አላየም።

አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው አንድ አሮጌ ሞተርሆም ገዛ። ስሙ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ስላልተመቻቸው «ቤት መኪናው» አሉት። ሊሄዱ ሲሉ፣ እሑድ ከጉባኤው በኋላ ምእመኑ ሁሉ ወደ ግቢው ወጣ። ገሚሱ በመኪናው ላይ፣ ገሚሱ በሀቢሶ ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ።

«ኬፕታውን ድረስ የሚነዳ ሽማግሌ ከመሀላችን ተገኘ!» አለ ዘነበ። «እኛ እኮ ዕቃ ለማምጣት ከተማ ስንወርድ እንኳ ኑዛዜ ተናዝዘን ነው።»

ሰው ሳቀ። ዘነበም ሳቀ፤ ግን ደረቱን ይዞ ነበር። ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ከወጣ ሳምንቱ ነበር።

ዘነበና ሀቢሶ ወደዚህ አገር በአንድ መንገድ ነው የመጡት። መጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በአንድ ባንኮኒ ሥር፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። በዚያ ዘመን አንድ የአገራቸው ልጅ ሞቶ፣ ዘመድ ስላልነበረው፣ የማያውቁት ሰዎች በጓንት አጥበው ሳጥን ውስጥ ሲያስገቡት ቆመው አዩ። ከዚያ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ቃል ተገባቡ፤ ቀድሞ የሞተውን የቀረው ያጥበዋል፣ ልብሱንም ያለብሰዋል፤ ባዕድ እጅ አይነካውም።

«ሂድ» አለው ዘነበ የመኪናውን በር ሲዘጋለት። «እስክትመለስ አልሞትም። ሥራ አለብህ።»

ሀቢሶ ለሃያ ሦስት ዓመት የነዳው ከአይቮሪ ፓርክ እስከ መሀል ከተማ ብቻ ነበር። ከከተማው ወጥቶ ትልቁ አውራ ጎዳና ላይ ሲገባ ከባድ መኪኖች እየጮሁ ያልፉት ጀመር። ባለፉት ቁጥር ነፋሳቸው ቤት መኪናውን ገፋ አድርጎ ወደ ጠርዙ ይወስደዋል፤ ውስጥ ድስትና ሳህን ይንኳኳል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከነዳ በኋላ እጁ መሪው ላይ ደረቀ። የቫል ግድብ ዳር ካሉት የመኪና ማረፊያዎች ወደ አንዱ ገባ። «ዛሬ እዚህ እንደር» አለ።

በማግስቱ ቁልፉን ጨብጦ ተቀመጠ፤ ማዞር ግን አቃተው። «ነገ» አለ። በሦስተኛውም ቀን «ነገ» አለ። የዓለምወርቅ አልነዘነዘችውም። ውሃው ሰፊ ነው፤ ማዶው አይታይም። ዳሩ ላይ ሦስት የዛጉ የብረት ምሰሶዎች ከውሃው ወጥተዋል፤ እሷን እነሱ አጠገብ አቁሞ፣ ነጠላዋን ነፋስ እያነሳው፣ ፎቶ አነሳት። ፎቶውን ያለ አንድ ቃል በቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ላይ ላከው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ደሳለኝ ወዲያው ጻፈ፤ «ባሕሩ! ሃሌሉያ! ኬፕታውን ደረሳችሁ ማለት ነው?» ሌላው ተከተለ፣ ሌላውም። ከተራራ አገር የመጣ ሕዝብ ነው፤ ማዶ የሌለው ውሃ ሁሉ ባሕር ይመስለዋል። ሀቢሶ ስልኩን ብዙ ደቂቃ አየው። «አይደለም፣ ቫል ነው» ለማለት ጣቱን አንስቶ ያንን ሁሉ እጅ ትከሻው ላይ አስታወሰ። «ጌታ ይመስገን» ብሎ ጻፈ። ይህ ሐሰት አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ሲደውሉለት ጌታ ይመስገን እያለ ቫል ዳር ተቀመጠ፤ አሥራ ሰባት ቀን ሆነው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ማናሴ ደወለ።

«አጎቴ፣ እየነዳህ ከሆነ መኪናውን አቁም።»

«ቆሟል። ምንድነው?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፤ ግን ሩቅ ሆንክብን። ጋሽ ዘነበ አረፈ። ዛሬ ጠዋት።»

ሀቢሶ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ማናሴ ቀጠለ፤ ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፎርድስበርግ ባለው የአስከሬን ማቆያ ቤት ያጥቡታል፤ ዓርብ ከሰዓት ሽኝት ተደርጎ፣ ማታ በአውሮፕላን ወደ አገር ይሄዳል።

«እጥበቱ የአንተ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን» አለ። «ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ ምን ይደረጋል? ማንም አይወቅስህም። ለሽኝቱ ከደረስክልን ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ በፍጥነት እንዳትነዳ።»

የዓለምወርቅ ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗን ጠርጋ ገባች፣ ጥቁር ልብሷን ለበሰች፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች።

«እንሂድ፣ የፊቤ አባት» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ብለህ።»

«አሁን ብንነሳ በስምንት ሰዓት ለቅሶው ቤት ነን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከኬፕታውን የሚደርስ መኪና የለም። ሰው ምን ይላል?»

«ዘነበ ሞቷል እኮ!»

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸባት። በጋብቻቸው ዘመን እንዲያ ጮኾባት አያውቅም።

ቀበቶዋን አልፈታችም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እንዲያ ታስራ፣ ውሃውን እያየች ተቀመጠች። መንዳት አትችልም። ስልኳን አንስታ ለማናሴ «መጥተህ ውሰደኝ» ማለት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ባሏን ሰው ፊት ልታራቁተው አልፈለገችም። ሀቢሶ ይህ ስለገባው ከመኪናው ኋላ ሄዶ ቆመ፤ ፊቷን ማየት አልቻለም።

ሐሙስ ጠዋት ሀቢሶ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገና ጊዜ ነበር፤ ቢነሳ ይደርሳል። ተነሳ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ መልሶ አጠፋው። አራት ሰዓት ሆነ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። እነዚህ እጆች የዘነበን ገላ ያውቃሉ፤ ግራ ትከሻው ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ፣ በክረምት የሚያበጠውን ጉልበቱን። አሁን ያንን ሁሉ ሌላ ሰው እያየው ነው።

ዓርብ በጠዋት ተነሱ። ሀቢሶ ግን አስፋልቱን ከመያዙ በፊት ወደ ጠጠሩ መንገድ ታጠፈ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ ነዳ። ቤት መኪናው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቆሞ፣ ታጥቦ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች የዓለምወርቅ።

መኪናውን እንደገና አዞረው። የተነሳው አቧራ መስኮቱን ሲሸፍነው ገባት፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

የለቅሶው ቤት ጆሃንስበርግ ውስጥ ሜይፌር ሰፈር ነው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሲገቡ ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። ደሳለኝ ሀቢሶን ትከሻውን ይዞ ወደ ሕዝቡ አዞረው።

«እዩ ወዳጅነት!» አለ። «በዚህ ዕድሜው ሁለት ቀን ነድቶ መጣ! እኛ ከዚሁ ከሶዌቶ ለመምጣት ስንት ሰበብ እንደረድራለን።»

የዘነበ ሚስት እልፍነሽ ተነስታ አንገቱን አቀፈችው። አለቀሰ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። አፏን ጆሮው ላይ አስጠግታ፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ፎቶውን ሳሳየው ሳቀ። ‹ይሄማ ቫል ነው፤ እነዚያ ብረቶች ሥር ነው የተጠመቅሁት› አለኝ።»

ሀቢሶ ሊላቀቅ ፈለገ፤ አልለቀቀችውም።

«‹ለማንም እንዳትነግሪ፣ ይስቁበታል› አለኝ። ‹እንኳን ቅርብ ሆነ፤ እኔ አንድ ነገር የሆንኩ እንደሆነ ቶሎ ይደርሳል› ብሎ ነው የተኛው። ረቡዕ ስጠብቅህ ዋልኩ፣ ጋሽ ሀቢሶ። ሐሙስ እስከ አራት ሰዓትም በር በሩን አየሁ።»

ለቀቀችውና ወደ ፍራሿ ተመለሰች። ለሌላው ሰው የተጽናናች ትመስል ነበር።

«ለመሆኑ መንገዱ እንዴት ነበር?» አለ ደሳለኝ ቦታ እየለቀቀለት።

ጌታ ይመስገን የሚለው ቃል ሀቢሶ አፍ ላይ መጣ። ዋጠው። የተሰጠው ቦታ ላይ ሳይቀመጥ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ውጭ ማናሴ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ቤት መኪናውን እያጠበ ነበር። ከሩቅ የመጣን ለቀስተኛ ማገልገል ወግ ነው። ከፊት ጀምሮ እስከ በሩ ደርሷል።

«ተው፣ ማናሴ።»

«ምን ችግር አለው፣ አጎቴ። የሁለት ቀን አቧራ ይዞ ኤርፖርት አይኬድም።»

«የሁለት ቀን አይደለም። ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ እየተመላለስኩ፣ ሆን ብዬ ነው ያለበስኩት።»

ማናሴ የሚቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ሲል ፊቱን አይቶ ተወው።

«ኬፕታውን አልሄድኩም» አለ ሀቢሶ። «ቫል ነበርኩ። ስትደውልልኝም ቫል ነበርኩ። ሐሙስ በአራት ሰዓትም።»

ማናሴ ጨርቁን ይዞ ቆመ። ውሃ ከክርኑ እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ወረደ።

«እኔ ሰው አጥቤ አላውቅም ነበር» አለ። «ከእኔ ጋር የነበሩት ሁለቱ የአስከሬን ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። በዙሉ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት። ክንዱ ደርቆ ሸሚዙ አልገባ ሲል አንደኛው ‹ከኋላ በመቀስ እንቅደደው› አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ላድርግ? እሺ አልኩ።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ገባ።

ሀቢሶ በግማሽ የታጠበው መኪና አጠገብ ብቻውን ቀረ። በተከፈተው በር የደሳለኝ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ የማናሴ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተሰማ። ከዚያ የማንም ድምፅ አልተሰማም።

የዓለምወርቅ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«እንግዲያው ግባ።»

«እንዴት ብዬ?»

«ጫማህን አውልቀህ» አለችው።

አወለቀ። ሲገባ የተነሳለት ሰው አልነበረም። ደሳለኝ ምንጣፉን ያያል። እልፍነሽ ብቻ ቀና ብላ አየችው። ቀድሞ የተሰጠውን ቦታ አልፎ፣ ከበሩ ሥር፣ ጫማዎቹ ከተደረደሩበት አጠገብ ባዶው መሬት ላይ ተቀመጠ።