በሁለት ስም የተመዘገበው ፖንቲያክ

ስለ አሮጌ መኪና የሚያወሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነው። ኮፈን ይበሳሉ፣ ሞተር ይቀይራሉ፣ ሰፊ ጎማ ይገጥማሉ፤ ከዚያ «አሻሻልነው» ይላሉ። አበላሹት እንጂ አላሻሻሉትም። ይህን በአሮጌ መኪና ማኅበራችን መጽሔት ላይ ለዓመታት ጽፌአለሁ፤ ወዳጅም አጥቼበታለሁ። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ካዚሚር፣ እኔ ካዝ የምለው፣ የ1969 ሞዴል ፖንቲያካችንን በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ አውጥተን አውቶማቲክ እንግጠምለት ሲለኝ፣ አፌን ሳልከፍት መልሴን ያውቀው ነበር።

መኪናው የጋራችን ነው። ሊብሬው ላይ ስማችን ጎን ለጎን ተጽፏል፤ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ብሎን እንዳይፈታ ገና ስንገዛው ተማምለናል። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ካምቢዮ ዛሬም ከሥሩ አለ፤ የተቀረጸበት ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ይገጥማል። በከተማችን በሃምትራምክ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሌላ ሰው አላውቅም። ካዝ ግን ባለፈው መኸር በስኳር በሽታ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። በሰው ሠራሹ እግር ይራመዳል፣ ደረጃም ይወጣል፤ ፍሪሲዮን ላይ ሲያሳርፈው ግን ይርገጠው አይርገጠው አያውቅም።

እኔ ልንዳልህ አልኩት። ከሚስቱ ጋር ገበያ የሚሄድበት አውቶማቲክ መኪና እንዳለው አስታወስኩት። ለአውቶማቲኩ ሲባል የወለሉ ላሜራ አንዴ ከተቆረጠ እንደማይመለስ፣ እኛ ባለአደራዎች እንጂ ባለቤቶች እንዳልሆንን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳለ ነገርኩት። ሰማኝና ትምህርቱ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ የብርዱን ወራት ሙሉ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ብቻ አወራን።

እኛ ዘንድ የሚያዝያ ዝናብ ለበረዶው ተብሎ መንገድ ላይ የተበተነውን ጨው አጥቦ ሳይወስድ እንዲህ ያለ መኪና ከጋራዥ አይወጣም። ጨው ላሜራ ይበላል። ይህን የማያከብር ሰው ምንም አያከብርም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካዝ ቤት ስደርስ ጋራዡ ባዶ ነበር። ሚስቱ ብሮንያ በሩ ላይ ቆማ በአገጯ ከመንገዱ ጥግ ወዳለው ዳቦ ቤት አመለከተችኝ፤ ያንተው ወንድም ነው፣ አንተው አምጣው አለችኝ።

ፖንቲያኩ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ፣ አንድ የፊት ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ሌሎቹ መኪኖች ዞረውት ያልፋሉ። ካዝ መሪው ፊት ተቀምጦ በግራ እጁ የመጥረጊያ እንጨት ይዟል፤ የእንጨቱ ጫፍ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ የፓራፋንጎውን ሥር አየሁ።

«መንገዱ ጨው ነው» አልኩት።

«እኔም ደህና ነኝ። ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።»

«በግራ እጅህ እንጨት፣ በቀኝ እጅህ ማርሽ። መሪውን ማን ያዘው?»

«ጉልበቴ። እሱን እንኳ ሐኪሞቹ ትተውልኛል።»

«ሰው ብትገድልስ?»

«እሱን ሳስብ ነው ያቆምኩት።» እንጨቱን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው። «ስማ ፕሮፌሰር፣ ያ ከእኛ በኋላ ይመጣል የምትለው ሰውዬ ስሙ ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እኔም አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው መኪና ስጠብቅ ልሙት?»

መልስ ነበረኝ። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ሞተሩ ጠፍቶም መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ እንደያዘ ነበር፤ ካዝ ሲፈራ ደግሞ አይቼ አላውቅም። ወደ ጎኑ ወንበር እንዲዛወር ረድቼው መኪናውን እኔ ወደ ቤት ነዳሁት። ከሥር በሞቀ ውሃ አጠብነው፤ እሱ ጎማ ቱቦውን ያዘ፣ እኔ መሬት ላይ ተጋደምኩ። ስንጨርስ አውቶማቲኩን ከየት እንደምናገኝ ጠየቅኩት። ለካ አግኝቶታል። ከምድር ቤታቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ብሮንያም ልብስ ስታጥብ ቅርጫቷን እሱ ላይ ነው የምታስቀምጠው።

ላሜራውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም፤ የማይቀር ጥፋት ከሆነ ቢያንስ በደንብ ይሠራ። ካዝ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መብራት እያበራልኝ፣ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ እያለ ሲያናድደኝ ዋለ።

ነሐሴ ላይ፣ እንደ በየዓመቱ፣ አሮጌ መኪኖች ለትርኢት ዉድዋርድ ጎዳና ዳር ሲሰለፉ እኛም ተሰለፍን። ጢሙን ያሳመረ አንድ ሰው በመስኮት አጎንብሶ የገጠምነውን አውቶማቲክ አየና ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ያለውን መኪና መቁረጥ ነውር ነው አለኝ። እኛ ባለአደራዎች እንጂ ባለቤቶች እንዳልሆንን፣ ነገ ለሚመጣው ሰው ማሰብ እንደነበረብን በእርጋታ አስረዳኝ። ጥሩ ተናጋሪ ነበር፤ ከእኔ ይሻላል። ካዝ ሞተሩን አስነስቶ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ ጠቡን እስክጀምር ይጠብቃል።

«ልክ ነህ» አልኩት ሰውዬውን። «ከተናገርከው አንድም የሚጣል ቃል የለም። አሁን እግርህን ከጎማው ፊት አንሳልኝ፤ ወንድሜ ሊወጣ ነው።»