ምንም የማይጠይቅ አስጎብኚ

እና ደግሞ ቶርኔዶ፣ ያን ቤት ነቃይ አውሎ ነፋስ፣ እናሳያችኋለን ብሎ ቃል ከሚገባ ሽሹ ይላል ላፕቶፑ ላይ የከፈተችው ምክር፣ ማራኪ ይህን አንቀጽ ለአራተኛ ጊዜ ታነበዋለች፣ ቃል የሚገባ ሰው ወይ ውሸታም ነው ወይ እብድ፣ ሰማይን ማን ያዝዘዋል፣ ጥሩ አስጎብኚ ስንት ዓመት እንደሠራ ይናገራል፣ ማን እንደሚነዳ ይናገራል፣ የሚነዳው ሰው ራዳር አያይም፣ ራዳር የሚያየው ሌላ ሰው ነው፣ ኢንሹራንሱን ሳይጠየቅ ያሳያል፣ ከጨለመ በኋላ አያሳድድም። ከጨለመ በኋላ አያሳድድም። ይህን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ታሰምርበታለች፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ትነክሳለች። ከሳሎን የሚካኤላ ሳቅ ይመጣል።

እህቷ ናት። አሥራ ስምንት ሞልቷታል፣ ማራኪ አሥራ አምስት ናት፣ ልዩነቱ ሦስት ዓመት ነው ይላሉ፣ ማራኪ ግን የሰማይና የምድር ያህል መሆኑን ታውቃለች፣ ሚካኤላ ቸርች ስትዘምር ሰው እጁን ያነሳል፣ ማራኪን ክፍል ውስጥ ስሟን ሲጠሯት አቤት የሚለው ድምፅ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ሚካኤላ ዘንድሮ ሃይስኩል በማዕረግ ልትጨርስ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአየር ጠባይ ልታጠና ነው፣ አባታቸው ተገኝ በእንግዳ ፊት የፈለግሽውን ጠይቂኝ ብሏታል፣ ሌላ ልጅ ብትሆን መኪና ትጠይቃለች፣ እሷ ቶርኔዶ ጠየቀች። ዳዲ፣ ኦክላሆማ ሄጄ ከአሳዳጆቹ ጋር ቶርኔዶ ላሳድድ። ተገኝ ደነገጠ፣ ግን የሰጠው ቃል አለ፣ ደግሞ አክስታቸው ብዙነሽ ኦክላሆማ ሲቲ ናት፣ ተቀብላ ታሳድራታለች፣ እና እሺ አለ፣ ግን አስጎብኚ ድርጅቱን ማራኪ ትምረጥ። ለምን እሷ? ማራኪ ጥላዋን ትፈራለች አለ ተገኝ፣ እሷ ያልፈራችው ነገር ማንንም አይገድልም። ሁሉም ሳቀ። ማራኪም ሳቀች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከሰው ትንሽ ዘግይታ።

ጎርፍ! ጨረስሽ?

ሚካኤላ ናት፣ ከሳሎን። ጎርፍ ማራኪ ናት። ስሙ ከወጣላት ወር ሊሆነው ነው።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ድርጅት ቀርተዋል፣ ሌሎቹን ሰርዛቸዋለች፣ የመጀመሪያው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፣ የድርጅቱ ባለቤት ጡረታ የወጣች የሳይንስ አስተማሪ ናት፣ ሁለት ነጭ ቫን፣ በእያንዳንዱ ቫን አንድ ሹፌርና አንድ ራዳር አንባቢ፣ ሁለተኛው ቶሚ ነው። ቶሚ ብቻ። አንድ ፒክአፕ ያለው ቶሚ። ማራኪ ጠዋት ከቸርች በፊት ወደ ሴትየዋ ደውላለች፣ በራሷ ድምፅ አይደለም፣ በራሷ ድምፅ ፒዛ እንኳ ማዘዝ አትችልም፣ በእናቷ በኤልፍነሽ ድምፅ ነው የደወለችው፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ኢንሹራንሱም ትምህርት ቤቱም መብራት ኃይሉም ጋ የምትደውለው ኤልፍነሽ ሆና ነው፣ ድምፅዋን ታወፍራለች፣ ትንሽ ትቆጣለች፣ ሆልድ ላይ አታቆዩኝ ትላለች፣ እናቷ ነርሲንግ ሆም የተኙ አረጋውያንን እያገላበጠች እሷ እቤት እናቷን ትሆናለች። ኤልፍነሽ ስትሆን አትፈራም።

ልጅሽ ቶርኔዶ ላታይ ትችላለች አለች ሴትየዋ፣ ይህን ከአሁኑ ንገሪያት፣ ደመና ብቻ አይታ ልትመለስ ትችላለች፣ እኛ ሰውን በደህና መመለስ ነው ሥራችን፣ ደግሞ ከሁሉም ተጓዥ የሐኪም ደብዳቤ እንጠይቃለን፣ ልብ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ። የሚጥል ቢሆንስ አለች ማራኪ በእናቷ ድምፅ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል። ልጅሽን ይጥላታል? አይ፣ ኧረ የጎረቤቴን ልጅ ነው። እንግዲህ ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ ከምንሄድበት ሜዳ ሆስፒታል ድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ በረዶ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል፣ ከጣላት ዓመት ካልሞላት ይዣት አልወጣም፣ ክኒኗን እየወሰደች ዓመት ሲሞላት ትምጣ፣ ቦታ እይዝላታለሁ።

ቦታ እይዝላታለሁ። ምን ዓይነት ደግ ሴት። ደግነቷ ያናድዳል፣ ክፉ ብትሆን ስልኩን ዘግቶ መርሳት ይቻል ነበር።

አምስት ሳምንት ብቻ ነው እኮ።

አምስት ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ፣ ስልኮቹም አብረው ጮኹ፣ እናቷ ሥራ፣ አባቷ ዳውንታውን ፓርኪንግ ላይ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ ይላል ስልኩ፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤቱ ነው፣ ገንዳው ውስጥ ተጠጋግተው ተኙና ፍራሹን ከላይ ጎተቱ፣ ሚካኤላ ትስቅ ነበር፣ ስሚው፣ ስሚው፣ ምን ያህል እንደሚያምር ስሚው ትል ነበር፣ ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። ማራኪ ቀልድ መሰላት። ክርን ደረቷን መታት፣ ፍራሹ ተነሳ፣ የሚካኤላ ዓይን ነጭ ብቻ ሆነ፣ ጥርሷ ገጠመ፣ እግሯ ገንዳውን ይደበድባል ይደበድባል ይደበድባል፣ ማራኪ በጎኗ አስተኛቻት፣ ድሮ እናቷ ስታደርግ አይታለች፣ ከጭንቅላቷ ሥር ፎጣ ከተተች፣ ቆጠረች፣ መቶ አርባ ላይ ቆመ። ልብሷ ረጥቦ ነበር። ቧንቧውን ማንም አልከፈተም። ማራኪ አጠበቻት፣ ፓጃማ ቀየረችላት፣ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ሰበሰበችላት፣ ሚካኤላ ነፍሷን ስታውቅ መጀመሪያ ያለችው ብትናገሪ ለእኔ ሞተሻል ነው።

ምክንያቱም ሚካኤላ ከሚጥለው በሽታ ተፈውሳለች። ሁለት ዓመት ሆኗታል። ፓስተሩ እጁን ጫነባት፣ እሷ ማይክ ይዛ መሰከረች፣ ጉባኤው አለቀሰ፣ ተገኝ ተንበረከከ፣ የክኒኑን ጠርሙስ መድረኩ ላይ በሰው ሁሉ ፊት አስቀመጠችው፣ ቪዲዮው አሁንም አለ፣ ከሌላ ስቴት ሳይቀር እየደወሉ ጸልዪልን ይሏታል። እንዲህ የተመሰከረላት ልጅ አይጥላትም። ከጣላት ደግሞ ገንዳ ውስጥ ነው፣ ፍራሽ ሥር።

ግን ያ አይደለም፣ ያንን ማራኪ ትችለው ነበር፣ ምስጢር መያዝ ታውቅበታለች፣ ያልቻለችው ቀጥሎ የመጣውን እሁድ ነው፣ የወጣቶች ህብረት፣ ሃያ ልጅ፣ ሚካኤላ ወንበር ላይ ቆማ ታወራለች፣ ሳይረኑን፣ ገንዳውን፣ ፍራሹን፣ ሁሉም እውነት ነው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ እውነት ነው፣ ከዚያ ጋይስ፣ ማራኪ ሸናች። ላይክ፣ ገንዳው ሞላ! እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ እናት ሆንኩላት ጋይስ። ኢዩኤል፣ ማራኪ ሁለት ዓመት ከኋላው ተቀምጣ ጀርባውን ብቻ ያየችው ኢዩኤል፣ ኖኅን ጥሩት፣ ጎርፍ መጣ አለ። ሳቁ ጣራ ነካ። ሚካኤላ ከወንበሩ ላይ፣ በሳቁ መሃል፣ ፈልጋ አየቻት፣ አሁንማ ብትናገሪ ማን ያምንሻል የሚል እይታ ነበር፣ ለካ ለዚህ ነው። ዝም አይነቅዝም ትላለች እናቷ። አይነቅዝ ይሆናል፣ ይሻግታል ግን።

የቶሚን ቪዲዮ ትከፍታለች።

ቶሚ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዟል፣ ራዳሩም ስልኩ ላይ ነው፣ ቶርኔዶ ካላሳየኋችሁ ስሜን ቀይሩት ይላል፣ ከኋላ ወንበር ሰዎች ይጮሃሉ፣ ጨለማ ነው፣ መብረቅ ሲበራ ብቻ መንገዱ ይታያል፣ ልምዱ ሦስት ዓመት ነው፣ ስለ ኢንሹራንስ አንድ ቃል የለም፣ ሰላሳ ሰው አምስት ኮከብ ሰጥቶታል፣ ሰላሳውም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንዲት ሴት ብቻ አንድ ኮከብ፣ በረዶ መስታወቱን ሰብሮ እጇ ስድስት ቦታ እንደተሰፋ፣ ቶሚ እየሳቀ መንዳቱን እንደቀጠለ ጽፋለች። ደብተሯ ላይ ሽሹ ብላ የጻፈችው ሁሉ ሰው ሆኖ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጧል። ፎርሙ አንድ መስመር ነው። በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። ሌላ ምንም አይጠይቅም።

ምንም።

እና ማራኪ ታየዋለች፣ ማየት አትፈልግም ግን ታየዋለች፣ ሜዳው፣ ጥቁሩ ሰማይ፣ ሚካኤላ ከኋላ ወንበር ላይ ትስቃለች፣ ሳቋ ይቆረጣል፣ ቶሚ ፈራች ብሎ ካሜራውን ያዞራል፣ በጎኗ የሚያስተኛት የለም፣ ፎጣ የለም፣ የሚቆጥር የለም፣ መቶ አርባ፣ መቶ ስልሳ፣ ሁለት መቶ፣ ማን ያጥባታል፣ ቶሚ? ቪዲዮውን ይለጥፈዋል፣ ኢዩኤል ያየዋል፣ እስቲ ያን ጊዜ ጎርፍ ማን እንደሆነ ይታያል፣ ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ ደስ ይላል፣ እንደ ስኳር። እህቷ ናት እኮ። እህቷ ናት። ላፕቶፑን ልትዘጋው እጇን ታነሳለች።

ሚካኤላ በሩን ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ቺፕስ እየበላች፣ ጣቷን አልጋው ላይ ትጠርጋለች፣ የማራኪ አልጋ ላይ። ይሄ ምንድን ነው ትላለች ነጩን ቫን እያየች፣ ሽማግሌዎች ለቀብር የሚሄዱበት ነው እንዴ፣ ከዚያ ቶሚን ታያለች፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ! ይሄን ነው የምፈልገው! ከዚያ በሩን ዞር ብላ ታያለች። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ? ቫኖቹ ይጠይቃሉ። ይሄኛውስ? አይጠይቅም። ሚካኤላ ትተነፍሳለች፣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ፊቷ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል፣ እና ማራኪ አሁን ነው ትላለች በልቧ፣ አሁን ካልሆነ መቼ ነው፣ ሚኪ ትላታለች፣ ክኒኑን ብትጀምሪ፣ ለማንም ሳንናገር፣ ሴትየዋ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እይዝላታለሁ ብላለች...

የትኛዋ ሴትዮ?

ጥሩ ሴት ናት፣ ስምሽን አልነገርኳትም፣ እኔ...

ደውለሽ አወራሽ? ስለ እኔ? ሚካኤላ አትጮህም፣ ስትናደድ አትጮህም፣ ፈገግ ትላለች፣ ስሚኝ ጎርፍ፣ እንድሄድ የማትፈልጊው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ አንቺ የትም አትደርሺም፣ ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ስልክ እየደወልሽ እዚህ ትቀሪያለሽ፣ ሰው የሚያውቅሽ የሚካኤላ እህት ተብለሽ ነው፣ እኔ ከሌለሁ ማን እንደሆንሽ ለእናትሽም ይጠፋባታል። አንድ ቺፕስ ታነሳና ወደ ማራኪ አፍ ታስጠጋዋለች። ብዪ እንጂ። አትበዪም? ራሷ ትበላዋለች።

ማራኪ አታለቅስም። ይገርማታል። ውስጧ የሆነ ነገር ቁጭ ብሏል፣ ጸጥ ብሎ፣ እግሩን አጣጥፎ።

ተገኝ ይገባል። በካልሲ ነው፣ የቸርች ክራባቱን አላልቶታል። እህሳ ማራኪዬ፣ የቱ ሆነ? ዳዲ የፍርሃት ፕሮፌሰሯን ጠይቃት ትላለች ሚካኤላ፣ ጎርፍ ፈትናዋለች! ተገኝ ይስቃል። ጎርፍ ሲባል ይስቃል፣ እሱም ሰምቷል፣ ሰምቶ እውነት ነው ወይ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቃትም። ከዚያ ሳቁን ያቆምና ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ያደርጋል። ሐኪም ምናምን ይላሉ እንዴ? ጌታ የፈወሰውን ሰው ወረቀት አምጪ አይሉም አይደል? ቀና አይልም። ማራኪ ታየዋለች፣ ቀና እስኪል ትጠብቃለች፣ አይልም፣ እና ገባት። ያውቃል። ያን ማክሰኞ ማታ ፍራሹን በፀጉር ማድረቂያ ያደረቀው እሱ ነው፣ ማን እንዳረጠበው አልጠየቀም፣ መጠየቅ አልፈለገም፣ ለዚህ ነው እሷን ያስመረጣት፣ ሚካኤላ ደህና ከተመለሰች ጌታ ጠበቃት ይባላል፣ ካልተመለሰች ማራኪ ናት የመረጠችው። ፈሪዋ። ጥንቁቋ። ቤቱ ውስጥ ፈሪ ስንት ሰው ነው?

ማራኪዬ? ይላል።

ጣቷን ታነሳለች። ቶሚ ላይ ታሳርፈዋለች።

ይሄኛው ዳዲ። ልምድ አለው። ሰው ሁሉ አምስት ኮከብ ነው የሰጠው። ሴፍ ነው።

አልፈራሽም?

አልፈራሁም።

ተገኝ ትልቅ ትንፋሽ ይተነፍሳል፣ የባንክ ካርዱን ያወጣል፣ ሚካኤላ ትዘላለች፣ ማራኪን አንገቷን ታቅፋታለች፣ መቼ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፈቻት፣ ፀጉሯ የኮኮናት ቅባት ይሸታል፣ ጆሮዋ ሥር የኔ ጀግና ትላታለች፣ ሲስ፣ ከእንግዲህ ጎርፍ የሚልሽን እኔ ነኝ የምገድለው፣ እና ይህ ሁሉ የፈለገችው ነገር ነው፣ በትክክል ይህ ነው፣ ይህን ያህል ርካሽ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር። ቡክ አደረግነው ይላል ተገኝ። እጅ ለእጅ እንያያዝ። ክብ ይሠራሉ፣ የአባቷ መዳፍ ሻካራ፣ የእህቷ ሙቅ፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ጌታ ሆይ ስለ ማራኪ እናመሰግንሃለን፣ ጥንቁቅ ልጅ ሰጥተኸናል፣ ሚካኤላን በመውጣቷም በመግባቷም ጠብቃት፣ እና ማራኪ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ሁለቱ እንደጨፈኑ ናቸው፣ አሁንም ይቻላል፣ ጸሎቱ ሳያልቅ፣ አንድ ቃል ይበቃል፣ አልዳነችም፣ የእህቷ የዓይን ቆብ እየተርገበገበ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሰማያዊ ክር ይታይበታል፣ አንድ ቃል፣ ተገኝ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ በኢየሱስ ስም ይላል፣ እና ማራኪ ከሁለቱም ቀድማ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ አሜን ትላለች።