ለቀይ የተተወው ቦታ

የመሪጌታ ሃይለ ሚካኤል አውራ ጣት ቀላ። እንደ ልማዳቸው በምራቅ አርሰው ብራናዋን ሊገለብጡ ሲሉ ነው። ጣታቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት፤ ቀጥለው ብራናዋን፣ ቀጥለው ያምሮትን። «እግዚአብሔር» ከሚለው ስም ግማሹ ጣታቸው ላይ ነበር።

«ይህ ምን ቀለም ነው?»

መልሱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰኞ ዕለት ያምሮት የበርበሬ ዛላ የሳለችበት ቀይ በሻይ ሳህን ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ቤቱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ጠዋት ስመኘው የሚባል ወጣት ሠዓሊ የውሃ ቀለም ያስተምራል፤ እሱ ሲወጣ መሪጌታ ገብተው ቁም ጽሕፈት ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ ሁሉም ጀማሪ ናቸው። ያምሮት አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በላቦራቶሪ ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ስትመዘገብ ጓደኞቿ «ለምን ይጠቅምሻል?» አሏት። «ለምንም» አለች። እንዲህ ማለቷ ራሱ ደስ ብሏት ነበር።

መሪጌታ አንድ ሕግ አላቸው፤ ጀማሪ ቀይ አይነካም። ጸሐፊ መጀመሪያ ሁሉን በጥቁር ይጽፋል፤ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ቦታ እየተወ ያልፋል፤ ኋላ ተመልሶ ያን ቦታ በቀይ ይሞላል። ቀይ የሚሰጠው ጥቁሩን ለጨረሰ ነው። ያምሮት ገና «ሀ»ን በወጉ አላቆመችም።

ብራናዋ ደግሞ የእሷ አይደለችም። የአባቷ ናት። የኔታ ይሄይስ ከጅጋ ወዲያ ባለች መንደር አምስት ዓመት ሙሉ ለደብራቸው ዳዊት ሲጽፉ ኖረው፣ ጥቁሩን ጨርሰው፣ ቀዩንም እስከ መጨረሻዋ ቅጠል አድርሰው፣ እዚያ ላይ ዓይናቸው ከዳቸው። በዚያች ቅጠል ላይ ሰባት ባዶ ቦታ ቀረ። ደብሩም ሲጠብቅ ሰልችቶት እንዲሁ ይጠረዝ ብሎ ወሰነ፤ ጠራዡ ነገ ከቡሬ ይመጣል። ያምሮት ባለፈው ሳምንት ልትጠይቃቸው ሄዳ ቅጠሏን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። የአባቷን እጅ እያየች ልትለማመድ፣ ከዚያ ልትመልስ ነበር ሐሳቧ። ሰኞ ግን እጇ ታዘዘላት። ስድስቱን ቦታ ሞላች። ሰባተኛው የማን ስም እንደሚገባው ስላላወቀች ተወችው። ዛሬ ረቡዕ፣ መሪጌታ እንዲያመሰግኗት ይዛ መጣች፤ እሳቸውም ይኸው ጣታቸውን አዩ።

«የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች» አሉ ጣታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ዛሬውኑ ለባለቤቱ መልሺ።»

«ምን ብዬ?»

«እሱን እኔ አላስተማርሁሽም።»

ወደ ጅጋ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ብራናዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። አባቷ አያዩም። ቅጠሏን ከቦታዋ ብትመልስ ማን ያውቃል? ይጠረዛል፣ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ከዚያ አንድ ቄስ ጣቱን አርሶ ይገልጣል፤ ቀዩ ይፈሳል፤ ሰውም «የይሄይስ ሥራ ይህ ነው?» ይላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የአባቷን መቃ ብዕር አንስታ ነበር። አባቷ አልተቆጡም፤ ከእጇ ቀስ አድርገው ወሰዱና «ሂጂ፣ ከናትሽ ጋር ተጫወች» አሏት። ሠላሳ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ዳግመኛ ጠይቃ አታውቅም።

ከጅጋ በእግር አርባ ደቂቃ ነው። ጤፉ ዘለላ አውጥቷል። አባቷ በራፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው፣ ያልተጠረዘውን ዳዊት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቅጠሉን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ያምሮት ነሽ? እርምጃሽ ነው። ነይ ቁጠሪልኝ፤ አንድ ቅጠል ጠፍታብኛለች።»

ቆማ ቀረች።

«ክንዱ ነው የወሰዳት» አሉ አባቷ። ክንዱ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነው። «ለሌላ ሰው አሳይቶ ሊያስጨርስ። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እሑድ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርሁበት።»

«ከአልጋው ሥር ወድቃ ነው ያገኘኋት» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ።

«እኔ ነኝ የወሰድኋት፣ አባባ» አለች። «ቀይ ጻፍሁባት። ቀለሙ ደግሞ የማይረባ ነው፤ ይለቃል።»

የኔታ ይሄይስ እጃቸውን ዘረጉ። ቅጠሏን ተቀብለው ጠርዟን ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አንዱን ስም አሹት፤ ጣታቸውንም በአውራ ጣታቸው ፈተጉ።

«በውሃ ነው የሚፈታ?»

«አዎ።»

«የእስክርቢቶ ቀለም አይደለም?»

«የሥዕል ነው። የውሃ ቀለም።»

«እፎይ» አሉ አባቷ፤ ትከሻቸውም ወረደ። «የእስክርቢቶ ቢሆን ቆዳው ይጠጣው ነበር። ይህ ላይ ላዩን ነው። ጥጥ አምጪ፤ አርሰሽ ጭመቂው፤ እርጥበት እንጂ ውሃ እንዳይነካው። ምላጭም አምጪ።»

ያምሮት መደቡ ላይ ዘጭ አለች። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። አባቷ እስኪያልፍላት ጠበቁና «ጥጡን» አሉ።

ስሙን በጥጥ እያነሳች፣ የቀረውን ጥላ በምላጭ እየፋቀች፣ እሳቸው ደግሞ በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ «በቃ፣ ቆዳውን ልታሳሽው ነው» እያሉ ስድስቱንም አጸዱ። ብራናዋ ቦታ ቦታው ላይ ትንሽ ነጣ እንጂ ደህና ነበረች።

«ስትጽፊ እጅሽ ተንቀጠቀጠ?» አሏት በመካከሉ።

«አልተንቀጠቀጠም።»

«ፊደሉስ ቆመ?»

«መሪጌታ የፊደልሽ አንገት ይረዝማል ይሉኛል።»

የኔታ ይሄይስ ፈገግ አሉ። «እኔንም መምህሬ እንዲያ ይሉኝ ነበር።»

ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡና አፏ በሰም የታሸገች ብልቃጥና ገና ቀለም ያልነካው መቃ ይዘው ወጡ። «የበሰለ ቀይ ቀለም ነው» አሉ ብልቃጧን እየሰጧት። «ከደረቀ ምራቅ አይፈታውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሪ።»

ያምሮት መቃውን እጇ ላይ አየችው። ስለ ድሮው አላነሣችም፤ እሳቸውም አላነሡም። ብራናዋን በጣውላ ላይ ዘርግታ ጻፈች። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ስሙን በተራ ይጠሩላታል፤ እሷ ጨረስሁ ስትል ያማትባሉ። ስድስተኛው ሲያልቅ ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«ሰባተኛውስ የማን ነው?»

«ከፊቱ ምን ይላል?»

አጎንብሳ አነበበች። «ለዘጸሐፎ።»

«ለጻፈው» አሉ አባቷ። «የጸሐፊው ነው እንግዲህ። አንባቢ ሁሉ ይማረው የሚልለት።»

«የክርስትና ስምዎን ልጻፈው? ወልደ ሩፋኤል?»

ከታች ከመንገዱ አንድ ሰው ከብቶቹን እየነዳ አለፈ፤ አባቷ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ነገ ማለዳ ክንዱ ዘንድ ትወስጂኛለሽ፤ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ» አሉ። ቀጥለውም «ቦታው ስንት ጣት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

ያምሮት ጣቷን አጋድማ ለካች። «ሦስት ተኩል።»

«ወልደ ሩፋኤልና ወለተ ሐና ይገባሉ?»

ወለተ ሐና የእሷ የክርስትና ስም ነው። ከቄስ በቀር ማንም በእሱ ጠርቷት አያውቅም። ድጋሚ ለካች፤ ጣቷ አሁን ተንቀጠቀጠ።

«ይጠባል፣ አባባ።»

«እንግዲያ ቀጠን አድርጊያ፤ አንገታቸውን አታስረዝሚ።»

ያምሮት እጇ እስኪረጋ ጠበቀች፤ ከዚያ መቃውን ብልቃጧ ውስጥ ነከረች።