የምንሰጠው የለንም

ባሏን የመረጠችው ሬሐና ራሷ ናት። ይሄ ይታወቅ፤ ሰበታ ውስጥ "አባቷ ሰጣት" እያለ የሚያወራ አለና ማንም አይስማው። አባቷ ሐሰን ባለ ሱቅ ነው፤ ለእሱ የባል ሚዛን "የማን ልጅ ነው?" የምትል አንዲት ጥያቄ ናት። የጓደኛዋ የፈቲያ ሚዛን ደግሞ ሌላ ነው፦ "መኪና አለው? ኮንዶሚኒየም ደርሶታል? ፌስቡክ ላይ ሰው ይወደዋል?"

ሬሐና ሁለቱንም ሞክራለች። አባቷ ያመጣላት የነጋዴ ልጅ ሻዩን ሳይጨርስ ሱቁ በማን ስም እንደሆነ ጠየቃት። ከፌስቡክ ያገኘችው የለገጣፎ ባለ ቪላ ነኝ ባይ ደግሞ በአካል ሲመጣ የፎቶው ታላቅ ወንድም መሰለ፤ ቪላውም የአጎቱ ሆኖ ተገኘ።

ኡዘይርን ሚኒባስ ውስጥ ነው የተዋወቀችው። የዓለም ገና ልጅ ነው፤ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ወለቴ ጁስ ቤት ሲቀመጡ እንደ ሌሎቹ "ዘመዶችሽ ከየት ናቸው?" አላላትም፤ በዚያ ዓመት እኮ ከሰላምታ ቀድሞ የሚመጣው ይሄ ጥያቄ ነበር። "ምን ያናድድሻል?" ነው ያላት።

"አንተ፣ ጊዜ አለህ?" አለችውና እስኪመሽ ዘረገፈችለት። እሱም ሰማ፣ ሳቀ፣ አንዳንዱን "እዚህ ላይስ ጥፋቱ ያንቺ ነው" አላት። ያኔውኑ መረጠችው።

ሐሰን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። የእሱ ሰዎች ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች፣ የልጁ ሰዎች ኦሮሞ፤ ጊዜው ደግሞ እንደዚያ። "ሰው ምን ይላል?" አለ።

"እኔን የሚያገባኝ ኡዘይር ነው፤ ሰውን አያገባውም!"

ሐሰን ሳቁ አመለጠው። በሳቁ ተሸነፈና "በሉ እሁድ ሽማግሌ ይላኩ" አለ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን በኦሮሚያ የለኮሰው ተቃውሞ ግን ገና አልበረደም ነበር። ቅዳሜ አድማ ተጠራ። ሱቅ ይዘጋል፣ ታክሲ አይሠራም፣ የከፈተ ወዮለት ተባለ። ኔትወርክም አብሮ ጠፋ። በዚህ ቀንማ ሽማግሌ አይመጣም ብሎ ቤቱ ሁሉ ተስፋ ቆረጠ።

እሁድ ጠዋት ሐሰን በተዘጋው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስኳር በድብቅ ሽጥልን የሚሉ ጎረቤቶችን ሲመልስ ቆየ። ረፋዱ ላይ እንደገና ተንኳኳ።

"ማነው?"

"ጠያቂዎች ነን" አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

"ዛሬ አንከፍትም!" ሐሰን መንገድ ላይ የቆሙት ወጣቶች እንዲሰሙለት ጮኸ።

"በእግራችን ነው የመጣነው፣ ወንድሜ። እንድትሰጡን ነው።"

"የምንሰጠው የለንም! በእናንተ የተነሳ ቤቴ አይሰበርም፣ ሂዱ!"

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታቸው ገነት በጓሮ በር እየሮጠች ገባች። "ሬሐና፣ ጉድሽ ፈላ! ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከደጃችሁ ተመለሱ። አንደኛውን 'ኦቦ ዱቤ' ሲሉት ሰማሁ፤ ፊቱን ብታይው እሳት ነው።"

ኦቦ ዱቤ የኡዘይር አጎት ነው፤ ያሳደገውም እሱ ነው። አንዴ ከተናቀበት ደጅ ዳግም አይቆምም፤ ያለ እሱ ደግሞ ኡዘይር ሽማግሌ የለውም።

ሐሰን ጭንቅላቱን ያዘ። "ያ አላህ! ሽማግሌ አባረርኩ?"

"ተነስ ተከተላቸው፣ አባ!"

"የሴት አባት ሽማግሌ ሲያሳድድ የት አይተሻል? ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ ለመነ እንዲሉኝ ነው?"

ሬሐና ጫማዋን አጠለቀች። እናቷ እልፍነሽ በሩ ላይ ተደቀነች፦ "ሴት ልጅ ባል ፍለጋ መንገድ ልትወጣ!"

"ፍለጋውንማ ጨርሻለሁ፣ እማ። ያገኘሁትን ልመልስ ነው።"

የጅማ መንገድ ጭር ብሏል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች "ወዴት ነሽ?" አሏት። አንገቷን አልደፋችም። "አባቴ ያባረራቸውን ሽማግሌዎች ልመልስ!" አለች። ተያይተው ሳቁና "አሳልፏት፣ አሳልፏት!" ተባባሉ።

ዓለም ገና ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ከኦቦ ዱቤ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኡዘይር አይቷት ሊነሳ ሲል አጎቱ እጁን ያዘው።

"አካም ጅርቱ" ብላ ሬሐና ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ቀጥላም ቀና አለች። "ኦቦ ዱቤ፣ አባቴ የዘጋው ሱቁን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። የለንም ያለው ስኳር ነው። እናንተ መሆናችሁን አላወቀም።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኦቦ ዱቤ ግን ፍንክች አላለም። "ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ሆና ስትመጣ አላየሁም።"

"ይኸው አዩ።"

"ሱቁን ነው ካልሽ፣ አባትሽ በአፉ ይንገረኝ።"

"አፌ መጥቷል!" አለ አንድ ድምፅ ከውጭ በር።

ሐሰን ነበር። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ያለከልካል፤ እንዳታየው ራቅ ብሎ ሲከተላት ኖሯል። "አፉ በሉኝ፣ ኦቦ ዱቤ። ልጄ ያለችው ሁሉ እውነት ነው።"

ኦቦ ዱቤ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ፤ ሌሎቹም አብረውት ተነሱ። "እንግዲያው እዚሁ ቆመን እንጠይቃለን። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።"

በወጉ ሐሰን "ዘመድ ላማክር" ብሎ ቀን መቁረጥ ነበረበት። "ዘመድ ላማክር" አለ እውነትም። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ሬሐና፣ ምን ትያለሽ?"

በሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ስትጠየቅ እዚያ ከቆሙት ማንም ሰምቶ አያውቅም።

"እኔማ መልሴን ይዤ በእግሬ መጣሁ እኮ፣ አባ።"

ሐሰን ደረቱን ነፋ። "ሰሙ፣ ኦቦ ዱቤ? የእኔ ልጅ ይቺ ናት!"