የሰኔ ሃያ አምስቱ ሰሊጥ

ጓድ ቢሻው በዚህ ዓለም ላይ አጥብቆ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መወሰን። ሽፍታ አይፈራም፣ የቆላ ወባም አይፈራም። ከእሱ በፊት «ጠረፍ ፋና» የተባለውን የመንግሥት እርሻ የመሩት ሁለት ሥራ አስኪያጆች ግን የወደቁት በመወሰን ነው፤ አንዱ ቸኩሎ ወሰነ፣ ሌላው ዘግይቶ ወሰነ። በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካል እንዲሉ፣ ቢሻውም ጉድጓዱን የሚለካለት እጅ ሲፈልግ ሁለት ዓመት ቆየ።

እጁ የመጣው በሰባ ስምንት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው፤ በሣጥን ታሽጎ፣ በጭነት መኪና ከጎንደር ሸሕዲ፣ ከሸሕዲ ሽንፋ እየተንገጫገጨ። ኮምፒዩተር ይሉታል። አብራው የመጣችው ጥሩአየሁ ውጭ አገር ስድስት ወር ተምራ የተመለሰች የጎንደር ልጅ ናት። «ሰው ሠራሽ አእምሮ ይበሉት» ብላ አስረዳችው። «ስለ እርሻው የሚያውቁትን ይነግሩታል፤ እሱ አስልቶ ምክሩን በወረቀት ያወጣል።» ቢሻው ከዚህ ሁሉ የሰማው «ምክር» እና «ወረቀት» የሚሉትን ነው። ጥፋት ቢመጣ እንኳ ጥፋተኛው ሣጥን ነው፤ ሣጥን ደግሞ አይታሰርም።

ከዚያ ወዲያ ሰው መጠየቅ ተወ። ጄኔሬተሩ ለማሽኑ እንዲበቃ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ተነቀለ። የግቢው ብቸኛ ማራገቢያም ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ፤ ሙቀት አይወድማ! ሙቀት የሚወዱት እንግዲህ ደጅ ያሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ስንት በርሜል ናፍጣ ይበቃናል? ማሽኑ ይጠየቅ። መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ይቆፈር? ማሽኑ ይጠየቅ። ማሽኑም «ነፋስ ወደ መኖሪያው በማያመጣበት በኩል» አለ። ይህን ማንም እረኛ ያውቀዋል፤ ቢሻው ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ተአምር አወራው።

መስከረም ሲጠባ ስለ ሰሊጡ አጨዳ ተጠየቀ። ማሽኑ ተንጫጭቶ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አወጣ፤ ጥሩአየሁም «መስከረም ሃያ ቀን አጨዳ ጀምር» ይላል ብላ ተረጎመች። ቢሻው ወረቀቱን እያውለበለበ ሠራተኞቹ ወደሚያርፉበት የሣር ራኩባ ሄደና የአጨዳውን አለቃ አያ ጀምበሩን አስጠርቶ ቀኑን ነገራቸው።

አያ ጀምበሩ ከጎጃም ደጋ ወርደው ሃያ ሁለት ዓመት ሰሊጥ ያጨዱ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን አላዩትም። ማሳው ውስጥ ገብተው አንድ ቆባ፣ ፍሬውን የያዘውን ቅርፊት፣ ቀጠፉ፣ በጥፍራቸው ሰነጠቁትና ፍሬውን ቢሻው መዳፍ ላይ አራገፉት። ነጭና ውኃ የቋጠረ ነበር።

«ይኸ ገና ወተት ነው፣ ጌታዬ። ሰሊጥ የሚታጨድ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሁኖ፣ የታችኛው ቆባ አፉን ሊከፍት ሲል ነው። ከሃያው ወዲያ አሥራ ሰባት ቀን ይቆየን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኛ ግን የምንለቅመውም አናገኝ።»

«ማሽኑ ተሳሳተ ነው የሚሉኝ፣ አያ ጀምበሩ?»

«እኔ እሱን መች አወቅሁት። እሱስ ማሳውን አይቶታል ወይ?»

ቢሻው መዳፉን እንደ ጨበጠ ቢሮው ተመለሰና በሩን ዘጋ። ጥሩአየሁ ፍሬውን አይታ አልተደነቀችም።

«ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ጓድ። ይህ ሰሊጥ በተዘራ በዘጠና ቀኑ ይታጨዳል። የተዘራው ሰኔ ሃያ አምስት ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ብሎ ነበር። ሰኔ ሃያ አምስት ቀን ግን መሬት የነካ አንድ ፍሬ አልነበረም፤ ትራክተሮቹ ናፍጣ ሲጠብቁ ቆመው፣ ዘሩ የተዘራው ሐምሌ አሥራ ሁለት ነው። የበላዮቹ ዘር በሰኔ ይጠናቀቅ ስላሉ ቢሻው በወረቀት አጠናቀቀው። ለዚህም የምስጋና ቴሌግራም ደርሶት፣ መስተዋት አስገብቶለት ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል።

«እውነተኛውን ቀን ይስጡኝ» አለች ጥሩአየሁ፤ «ባንድ ደቂቃ ጥቅምት ሰባት ይላል።»

«የተዘራበት ቀን ወረቀቱ ላይ ይወጣል?»

«ይወጣል። ግልባጩም አዲስ አበባ ይሄዳል።»

«ቀኑን ሳትነኪ ጥቅምት ሰባት እንዲል ማድረግስ?»

«እንደዚያማ ከሆነ እኛ ነን ማሽኑን የምንመክረው።»

ቢሻው በቀላሉ አልተረታም። ዝናብ በዝቶ ሰሊጡን አዘግይቶታል ብለሽ ንገሪው አላት። ያልዘነበው ዝናብ ገባ። ማሽኑም አስልቶ «ማሳው በውኃ ተውጧል፤ ሰብሉ ጠፍቷል፤ ገልብጠህ እረሰው» አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ቢሻው ያንን ወረቀት በገዛ እጁ ቀደደው፤ በሥልጣን ዘመኑ ማንንም ሳያማክር የወሰነው የመጀመሪያ ውሳኔ ነበር።

እውነቱን ማውጣት ቴሌግራሙን ከነመስተዋቱ መዋጥ ሆነበት። መስከረም ሃያ ቀን «እጨዱ» አለ።

አያ ጀምበሩ ማጭዳቸውን ያነሡት ልጁን እንደሚቀብር ሰው ነው። ለምለሙ ሰሊጥ ወደቀ፤ ነዶው ቆመ፣ ደረቀ፣ ሸራ ላይ ተራገፈ። የወረደው ገለባና የተጨማደደ እንክፍካፊ ነበር። ከአጫጆቹ አንዱ «ኸላስ፣ አለቀ» ብሎ ማጭዱን ወረወረ፤ የተቆጣውም የለም።

በጥቅምት መጨረሻ ሰሊጡ ለምን እንደ ጠፋ ሊመረምሩ ከላይ ሦስት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ቢሻው ልቡ ሳይደነግጥ የማሽኑን ወረቀት ሰጣቸው። የቡድኑ መሪ በጣቱ ቆጠረ።

«የተዘራው ሰኔ ሃያ አምስት፤ ዘጠና ቀን፤ መስከረም ሃያ። ማሽኑ ልክ ነው። እርስዎም ማሽኑን ታዘዋል። ስለዚህ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። ያጨደው ማነው?»

ቢሻው ይህን አላሰበውም ነበር። ለራሱ መሸሸጊያ ሲያበጅ፣ ደጅ የሚቀረውን ሰው ረስቶታል። አያ ጀምበሩ ተጠሩ።

«የታዘዝነውን አጨድን» አሉ። «አልደረሰም ብዬ ነበር። የተዘራው በሐምሌ ሚካኤል ነው።»

«የምስጋና ቴሌግራም የተላለፈለትን ቀን ነው የሚክዱት?» አለ መሪው። « ታዲያ የዋሸው መንግሥት ነው?»

ጸሐፊው «የኢኮኖሚ አሻጥር» ብሎ ጻፈ። በዚያ ዘመን እነዚያ ሁለት ቃላት ሰውን ወዴት እንደሚወስዱት ያልሰማ አልነበረም። ቢሻው የሽማግሌውን የተሰነጣጠቁ እጆች አየ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ ግን እጅግ አድሮ ነበር። ብድግ አለ።

«እውነታቸውን ነው! ሐምሌ አሥራ ሁለት ነው የተዘራው። ሰኔ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መሪው ወደ ጥሩአየሁ ዞረ። «ማሽኑ ምን ይላል?»

«ማሽኑ የሚለው የነገርነውን ነው፣ ጓድ። እሳቸውም እኮ…»

«የተጠየቅሽው ማሽኑ የሚለውን ነው።»

አተመች። ሰኔ ሃያ አምስት።

መሪው የቢሻውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ለሠራተኛዎ ማዘንዎ ያስመሰግናል፣ ጓድ። ነገር ግን ለአሻጥረኛ ሲሉ ራስዎን አይበድሉ።»

አያ ጀምበሩን ከመኪናው ኋላ ጫኗቸው። ቢሻው ሮጦ ደረሰና በሩን በሁለት እጁ እየደበደበ፣ «እኔ ነኝ! እጨዱ ብዬ የወሰንሁት እኔ ነኝ!» እያለ ጮኸ። ሁሉም ሰሙት። ጸሐፊው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንድ ነገር ጨመረ፤ «ሥራ አስኪያጁ በሥራ ብዛት ታውከዋልና ዕረፍት ይሰጣቸው። እስኪሻላቸው እርሻውን ማሽኑ ይምራው።»